ርስት ያልሆነ ስም፦ የብራዚል የዶሜይን መዝገብና የኢንተርኔቱ ጉባኤ

በኢንተርኔት የተገናኘ እያንዳንዱ ኮምፒውተር በቁጥር ይታወቃል። ቁጥር ለመሣሪያ እንጂ ለሰው ትውስታ ስለማይመች፣ ስም በተጠራ ጊዜ ቁጥሩን ፈልጎ የሚያቀርብ የስም ሥርዓት በ1983 ተነደፈ፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው። የዶሜይን ስም የሚባለው በዚህ ሥርዓት ውስጥ የሚሰጠው ስም ሲሆን፣ ከመጨረሻው ነጥብ በኋላ የሚመጣው ክፍል የሁሉም የበላይ የሆነው እርከን ነው። ይህ እርከን እንደ ዶት ኮም ዘርፍን የሚያመለክት፣ ወይም እንደ ኢትዮጵያው ዶት ኢቲና እንደ ብራዚሉ ዶት ቢአር ባለሁለት ፊደል የአገር መለያ ሊሆን ይችላል። በአንድ አገር መለያ ሥር የሚሰጡትን ስሞች የሚመዘግበው፣ የትኛው ስም በማን እንደተያዘ የሚያውቀውና መዝገቡ ቀንና ሌሊት ለመላው ዓለም መልስ እንዲሰጥ የሚያደርገው ተቋም የአገሪቱ የዶሜይን መዝገብ ይባላል።

ሥራው ላይ ላዩን ሲታይ የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ሥራ ይመስላል፤ ማመልከቻ መቀበል፣ ክፍያ ማስከፈል፣ ስም ማስፈር። ይሁን እንጂ መዝገቡን የያዘ ወገን ስምን የመፋቅ፣ ለአንዱ የመስጠትና ለሌላው የመንፈግ፣ የባለስሙንም ማንነት የመጠየቅ ሥልጣን አብሮ ስለሚይዝ፣ መዝገቡ በማን እጅ ይሁን የሚለው ጥያቄ ከቴክኒክ ይልቅ የአስተዳደር ጥያቄ ነው። ኢንተርኔትን መንግሥታት ብቻቸውን ወይም ኩባንያዎች ብቻቸውን ሳይሆኑ ምሁራን፣ ሲቪክ ማኅበራትና ተጠቃሚዎችም አብረው ይምሩት የሚለው ሐሳብ፣ ማለትም የባለድርሻ አካላት አስተዳደር፣ በየጉባኤው ብዙ የተባለለት ቢሆንም በአገር ደረጃ በተግባር ሲፈተን የኖረባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው። ከእነዚህ ጥቂቶች መካከል ረጅም ዕድሜ ያለውና በዝርዝር ሊጠና የሚገባው የብራዚል ታሪክ ነው።

የአገር መለያዎች አመጣጥ ከጠቀሜታቸው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ቀላል ነበር። የኢንተርኔትን ቁጥሮችና ስሞች ድልድል ለረጅም ዓመታት በኃላፊነት የያዘው፣ በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የኢንፎርሜሽን ሳይንስ ተቋም ይሠራ የነበረው ጆን ፖስቴል ነው። በ1984 የአገር መለያዎች እንዲኖሩ ሲታቀድ፣ የትኛው ግዛት አገር ነው የትኛውስ አይደለም ከሚለው ማብቂያ የሌለው ሙግት ለመራቅ፣ ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ቀድሞ ያዘጋጀው ባለሁለት ፊደል የአገሮች ዝርዝር እንዳለ ተወሰደ። በ1985 የመጀመሪያዎቹ መለያዎች ለአሜሪካ፣ ለብሪታንያና ለእስራኤል ተሰጡ። በዚያ ዘመን መለያ ለመረከብ የመንግሥት ውክልና የግድ አልነበረም፤ ብዙዎቹ ተረካቢዎች የዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ባለሙያዎች ነበሩ።

ፖስቴል በማርች 1994 ባወጣው መመሪያ፣ የአገር መለያ ኃላፊ ለአገሩም ሆነ ለዓለም የኢንተርኔት ማኅበረሰብ ባለአደራ መሆኑን፣ የሚነሳው ክርክርም ስለ መብትና ባለቤትነት ሳይሆን ስለ ኃላፊነትና አገልግሎት መሆን እንዳለበት አስቀመጠ። በኢትዮጵያ የመሬት ታሪክ ቋንቋ ቢነገር፣ መለያው ለልጅ ልጅ የሚወረስ ርስት ወይም ለሹም የሚሰጥ ጉልት ሳይሆን አደራ ነው ማለት ነው። አደራ ግን ጠያቂ ካጣ ውሎ አድሮ ርስት መሆኑ አይቀርም። የመመሪያው ክፍተትም እዚህ ላይ ነበር፤ ባለአደራውን ማን፣ በምን መንገድ እንደሚጠይቀው በአብዛኛው ለየአገሩ ተወው።

አገሮችም በየፊናቸው ሄዱ። የጀርመን መዝገብ በ1996 የኢንተርኔት ኩባንያዎች አባል በሆኑበት የኅብረት ሥራ ማኅበር እጅ ገባ፤ በብሪታንያ በዚያው ዓመት ለትርፍ ያልቆመ፣ በአባላት የሚመራ ኩባንያ ተቋቋመ፤ በካናዳም በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በበጎ ፈቃደኞች ሲካሄድ የቆየው መዝገብ በ2000 መጨረሻ ለተመሳሳይ ድርጅት ተላለፈ። በሌሎች ብዙ አገሮች መዝገቡ ስልክን በብቸኝነት ይዞ ከነበረው የመንግሥት ድርጅት ጋር ተያይዞ ኖረ። ዶት ኢቲ በኦክቶበር 1995 ሲመዘገብ በኢትዮጵያ ለሕዝብ የሚሰጥ የኢንተርኔት አገልግሎት ገና አልተጀመረም ነበር፤ አገልግሎቱ ሲጀመርም በቴሌኮሙኒኬሽን ድርጅቱ ጣሪያ ሥር ተጀመረ።

ብራዚልም ይህንኑ የስልክ ድርጅት መንገድ እንዳትከተል የሚያግዳት የሚመስል ነገር አልነበረም። አገሪቱ ከ1964 እስከ 1985 በወታደራዊ አገዛዝ ሥር ቆይታለች፤ ስልክ በቴሌብራስ፣ የረጅም ርቀትና የዓለም አቀፍ ግንኙነት ደግሞ በእርሱ ሥር ባለው በኤምብራቴል ተይዞ ነበር፤ በ1984 የወጣውም ሕግ የኮምፒውተር ገበያውን ለአገር ውስጥ አምራቾች ከልሎ የውጭውን ዘግቶበት ነበር። ከዚህ ሁሉ አጥር ውስጥ ቀዳዳ ያገኙት ተመራማሪዎች ናቸው። ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር በፖስታ መጻጻፍ የሰለቻቸው ሳይንቲስቶች፣ ዩኒቨርሲቲዎችን ያገናኝ ከነበረውና ቢትኔት ከሚባለው መረብ ጋር ለመገናኘት ከ1988 ጀምሮ በሪዮ ዴ ጃኔይሮና በሳኦ ፓውሎ መስመሮችን ዘረጉ። የሳኦ ፓውሎው መስመር ባለቤት በምሕጻረ ቃሉ ፋፔስፕ የሚባለው የክፍለ ግዛቱ የምርምር ድጋፍ ፋውንዴሽን ሲሆን፣ መስመሩ በቺካጎ አቅራቢያ ከሚገኘው የፌርሚላብ የፊዚክስ ቤተ ሙከራ ጋር ያገናኘው ነበር።

ዶት ቢአር በኤፕሪል 18፣ 1989 የተሰጠው ለዚሁ የፋፔስፕ የባለሙያዎች ቡድን ነው፤ በቡድኑ ውስጥ ጎልቶ የሚጠራው መሐንዲሱ ዴሚ ጌችኮ ነው። የሚገርመው ብራዚል በዚያን ጊዜ ከኢንተርኔት ጋር ገና አልተገናኘችም፤ የመጀመሪያው ግንኙነት የተደረገው በ1991 ነው። ልጁ ሳይወለድ ስሙ ወጣ እንደ ማለት ነው፤ ለሁለት ዓመታት ያህል ስሙ ያገለገለው በቢትኔት በኩል ለሚሄድ የኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ ነበር። በዚህ አጋጣሚ ውስጥ ግን ቁም ነገር አለ። መለያው ሲሰጥ ገበያም ሆነ ገቢ፣ ወይም የሚያጓጓ ሥልጣን ስላልነበረው የስልክ ድርጅቱም ሆነ ሚኒስቴሮቹ አልተሻሙበትም፤ ዋጋ ባወጣ ጊዜ ደግሞ መዝገቡ በምርምር ማኅበረሰቡ እጅ ሥር ሰድዶ ተገኘ።

ሁለተኛው ወገን የመጣው ከሲቪክ ማኅበራት ነው። በአገዛዙ ዘመን ተሰድዶ የነበረው፣ ቤቲንዮ በሚል ቁልምጫ የሚታወቀው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ኤርበርት ዴ ሶዛ ከስደት ሲመለስ፣ ካርሎስ አፎንሶን ከመሳሰሉ ጓደኞቹ ጋር በ1981 ኢባሴ የተባለ የማኅበራዊና የኢኮኖሚ ትንተና ተቋም መሠረተ። የተቋሙ ዓላማ መንግሥት የሚያወጣውን መረጃ ለተራው ዜጋና ለማኅበራት በሚገባ መልክ ማቅረብ ነበር፤ ይህም ቀደም ብሎ ወደ ኮምፒውተር አመራውና በ1989 አልተርኔክስ የተባለውን፣ ከምሁራን ክበብ ውጪ ላሉ ማኅበራትና ግለሰቦች የተከፈተ የመልእክት አገልግሎት ጀመረ። በ1992 የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢና የልማት ጉባኤ በሪዮ ሲካሄድ፣ ለተሰብሳቢዎቹ የኮምፒውተር ግንኙነት በመዘርጋት የኢባሴ ሰዎች ግንባር ቀደም ነበሩ። ከዚያ በኋላ ሲቪክ ማኅበራት በኢንተርኔት ጉዳይ ወንበር ይገባናል ሲሉ፣ ለበጎ አድራጎት ሲባል የሚጋበዙ እንግዶች ሆነው ሳይሆን መረቡን በእጃቸው ከዘረጉት መካከል ሆነው ነበር።

ወሳኙ ዓመት 1995 ነው። ኤምብራቴል ለሕዝብ ኢንተርኔት መሸጥ በጀመረበት ሰሞን፣ መረቡ የስልኩን ዕጣ ይከተላል የሚል ሥጋት በተመራማሪዎቹም በማኅበራቱም ዘንድ ነገሠ። መንግሥት ግን በሜይ 31፣ 1995 ተያያዥነት ያላቸው ሁለት ውሳኔዎችን አሳለፈ። አንደኛው፣ የኢንተርኔት አገልግሎት በስልክ መስመር ላይ የሚጨመር የራሱ አገልግሎት እንጂ ራሱ ቴሌኮሙኒኬሽን አይደለም ብሎ ስለወሰነ፣ የስልክ ድርጅቱ በብቸኝነት እንዳይዘው በሩን ለግል አቅራቢዎች ከፈተ። ሁለተኛው፣ የኮሙኒኬሽን ሚኒስቴርና የሳይንስና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር በጋራ ያወጡት፣ የብራዚል የኢንተርኔት አስተባባሪ ኮሚቴን አቋቋመ። በኮሚቴው ውስጥ ከመንግሥት ጋር አገልግሎት አቅራቢዎች፣ ምሁራንና የተጠቃሚ ተወካዮች ተቀመጡ። አባላቱን የሚመርጡት ሚኒስትሮቹ ስለነበሩ፣ ጉባኤው በዚህ ወቅት ከምክር ቤት ይልቅ ግብር የተጠራ እንግዳ ይመስል ነበር ቢባል ስሕተት አይሆንም፤ ቢሆንም ገበታው ተዘርግቷል።

ስለዚህ ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች በአብዛኛው ወንበሮቹን ይቆጥራሉ እንጂ ገንዘቡን እምብዛም አይከተሉም። ገንዘቡ ግን ከወንበሩ ባላነሰ ይናገራል። ዶሜይን እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ድረስ በነጻ ሲመዘገብ ከቆየ በኋላ፣ የንግድ ኢንተርኔት ሲመጣ የማመልከቻው ብዛት ለጥቂት የፋፔስፕ ሠራተኞች የማይቻል ሆነ፤ ኮሚቴው በ1998 ባወጣቸው ደንቦች ምዝገባውን ለፋፔስፕ በይፋ አሳልፎ ሰጠ፣ ዓመታዊ ክፍያም ተጀመረ። ክፍያው ለአንድ ስም ሲታይ ትንሽ ነው፤ በቅርብ ዓመታት 40 ሬያል ነበር። ነገር ግን በዶት ቢአር ሥር የተመዘገቡት ስሞች ከ5 ሚሊዮን በላይ ሲደርሱ፣ ከስሙ ምዝገባ ወጪ እጅግ የሚበልጥ ገቢ በየዓመቱ ይሰበሰባል። ይህን ትርፍ የሚወስደው ማን ነው የሚለው ጥያቄ የብራዚልን ታሪክ ከሌሎቹ ይለየዋል።

መልሱ በሁለት ደረጃ መጣ። በሴፕቴምበር 3፣ 2003 በፕሬዚዳንት ሉላ ዳ ሲልቫ ዘመን የወጣው ድንጋጌ የኮሚቴውን አወቃቀር በአዲስ መልክ ሠራው። 21 ወንበሮች ተደለደሉ፤ 9 ለመንግሥት፣ 4 ለንግዱ ዘርፍ፣ 4 ለሲቪክ ማኅበራት፣ 3 ለምሁራን፣ 1 ደግሞ በኢንተርኔት ጉዳይ የታወቀ ዕውቀት ላለው ሰው። መንግሥት ከሁሉ የሚበልጥ ቁጥር ቢኖረውም ብቻውን አብላጫ ድምፅ የለውም፤ አንድ ነገር ለማሳለፍ ቢያንስ ሁለት ሰው ከሌላው ወገን ማሳመን አለበት። የንግዱ፣ የማኅበራቱና የምሁራኑ ተወካዮች በሚኒስትር መሾማቸው ቀርቶ ከ2004 ጀምሮ በየዘርፋቸው ድርጅቶች ድምፅ ለሦስት ዓመት ይመረጡ ጀመር፤ አገልግሎታቸውም ደመወዝ የለውም። ሁለተኛው ደረጃ በ2005 መጨረሻ ነበር። መዝገቡ ከፋፔስፕ ወጥቶ፣ በምሕጻረ ቃሉ ኒክ ቢአር ወደሚባለው፣ ለትርፍ ወዳልቆመ የግል ማኅበር ተዛወረ። የኮሚቴው አባላት በዚህ ማኅበር ጠቅላላ ጉባኤ ውስጥ ስለሚቀመጡ፣ ፖሊሲ የሚያወጣውና ገንዘቡን የሚቆጣጠረው አካል አንድ ሆነ፤ ገንዘቡም ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት አይገባም፣ በአክሲዮንም አይከፋፈልም።

ገንዘቡ የዋለበትን ማየት የአደራን ትርጉም ያጎላዋል። በ1997 የተጀመረው የኮምፒውተር ጥቃት ምላሽ ሰጪ ቡድን የሚተዳደረው ከስም ክፍያ በሚገኘው ገቢ ነው። ከ2004 ጀምሮ በየከተማው የተተከሉት የኢንተርኔት ልውውጥ ጣቢያዎችም እንዲሁ። የልውውጥ ጣቢያ ማለት፣ በአንድ ከተማ ያሉ ሁለት አቅራቢዎች የደንበኞቻቸውን መልእክት በውጭ አገር አዙረው በዶላር ከመክፈል ይልቅ እዚያው በከተማቸው የሚለዋወጡበት የጋራ ገበያ ነው። ጣቢያዎቹ ከ30 በላይ በሆኑ የብራዚል ከተሞች የሚገኙ ሲሆን የሳኦ ፓውሎው በዓለም ትልልቅ ከሚባሉት ተርታ ይሰለፋል። የጣቢያዎቹ ትልቁ ውጤት በትንንሾቹ ላይ ታየ፤ በገጠር ከተማ ጥቂት መቶ ቤቶችን የሚያገለግል አቅራቢ ከግዙፉ ኩባንያ ጋር በአንድ ጣቢያ ጎን ለጎን ሊቆም ቻለ። በ2005 የተቋቋመው የጥናት ማዕከል ደግሞ በየዓመቱ ቤት ለቤት እየዞረ ማን ኢንተርኔት እንዳለው፣ ማን እንደሌለውና ለምን እንደሌለው ይጠይቃል። መዝገቡ ከሚያገለግላቸው ባለስሞች አልፎ ስም ቀርቶ ግንኙነት የሌላቸውን ሰዎች የሚቆጥር መሆኑ፣ አካታችነት የሚለው ቃል በሥራ የተተረጎመበት ስፍራ ነው።

ገበታው በጋራ መቀመጡ ፍሬ እንዳለው ከሚያሳዩት ምሳሌዎች አንዱ ብዙም የማይወራለት የቆሻሻ ኢሜይል ጉዳይ ነው። በ2000ዎቹ መጨረሻ ብራዚል በዓለም ቆሻሻ ኢሜይል ከሚያሠራጩት አገሮች ግንባር ቀደሟ ነበረች። ምክንያቱ ደግሞ በቫይረስ የተያዙ የመኖሪያ ቤት ኮምፒውተሮች፣ የኢሜይል አስተላላፊዎች እርስ በርስ በሚነጋገሩበት፣ ፖርት 25 በሚባለው በር በቀጥታ ይልኩ ስለነበር ነው። በሩን ለመኖሪያ ቤት ደንበኞች መዝጋት ቀላል ቢመስልም፣ የስልክ ኩባንያዎች ወጪውን፣ የሸማቾች ጠበቆች የደንበኛውን መብት፣ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የሕጉን አንቀጽ እያነሱ ዓመታት አለፉ። ኮሚቴው ሁሉንም ወገን ደጋግሞ አሰባስቦ ካስማማ በኋላ በ2012ና በ2013 በሩ ሲዘጋ፣ አገሪቱ ከዝርዝሩ አናት ወረደች። ትእዛዝ ቢወርድ ኖሮ ይፈጥን ይሆናል፤ ያለ ሙግት ይጸና እንደነበር ግን ያጠራጥራል።

አካታችነት የፊደልም ጉዳይ ነው። ዶት ቢአር በ2005 የፖርቱጋልኛን የድምፅ ምልክቶች የያዙ ስሞችን መመዝገብ ሲጀምር፣ ብራዚላውያን ቃላቸውን በትክክለኛ አጻጻፉ በአድራሻ ላይ ማየት ቻሉ። ለላቲን ፊደል ተጠቃሚ ይህ የምልክት ጉዳይ ነው፤ ለግእዝ ፊደል ተጠቃሚ ግን የመላው ፊደል ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ፣ ማለትም የዓለምን ፊደላት ለኮምፒውተር በሚደለድለው ሠንጠረዥ ውስጥ ከገባ በኋላ፣ በከፍተኛው የዶሜይን እርከን ላይ እንዴት ይጻፍ የሚለውን ደንብ የሚያረቅ የባለሙያዎች ቡድን ተቋቁሞ በ2017 ሐሳቡን አቀረበ። ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ በአማርኛ አንድ ድምፅ ይዘው በተለያየ ፊደል መጻፋቸው፣ አንድን ስም ሁለት ሰዎች በሁለት አጻጻፍ እንዲሻሙበት በር ስለሚከፍት፣ የሰዋስው ሊቃውንት ሲከራከሩበት የኖሩት የሞክሼ ፊደላት ነገር የኢንተርኔት አስተዳደር አጀንዳ ሆነ። እንዲህ ያለውን ጥያቄ መሐንዲስ ብቻውን ወይም ሹም ብቻውን ሊፈታው እንደማይችል ግልጽ ነው።

ወደ ብራዚል ስንመለስ፣ ኮሚቴው በ2009 ለኢንተርኔት አስተዳደር 10 መርሖዎችን አጸደቀ፤ ከእነዚህም ሐሳብን የመግለጽ ነጻነትና የግል ሕይወት ጥበቃ፣ ዴሞክራሲያዊና የትብብር አስተዳደር፣ እንዲሁም የመረብ ገለልተኝነት ይገኙባቸዋል። የመረብ ገለልተኝነት ማለት አቅራቢው አንዱን መልእክት አሳልፎ ሌላውን በንግድ ወይም በፖለቲካ ምክንያት አያዘገይም ማለት ነው። ኢንተርኔትን በወንጀል ሕግ ብቻ ለመግዛት ታስቦ የነበረው ረቂቅ ከፍተኛ ተቃውሞ በገጠመው በዚያው ዓመት፣ የፍትሕ ሚኒስቴር በመብት ላይ የተመሠረተ ሌላ ሕግ ለማርቀቅ ሕዝቡን ማወያየት ጀመረ፤ መርሖዎቹም ለረቂቁ ምንጭ ሆኑ። ረቂቁ በምክር ቤት ሲንከባለል ከርሞ፣ በ2013 ኤድዋርድ ስኖውደን ያወጣቸው ሰነዶች የፕሬዚዳንት ጂልማ ሩሴፍ ግንኙነት ሳይቀር በአሜሪካ የስለላ ድርጅት ሲጠለፍ እንደነበር ባሳዩ ጊዜ አጣዳፊ ሆነ። ፕሬዚዳንቷ በሴፕቴምበር 2013 በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ቁጣቸውን ከገለጹ በኋላ፣ ብራዚል ዓለም አቀፍ ስብሰባ ጠራች።

ስብሰባው ኔትሙንዲያል ተብሎ በኤፕሪል 23 እና 24፣ 2014 በሳኦ ፓውሎ ሲካሄድ፣ ዝግጅቱን የመራው ይኸው ኮሚቴ ነበር። በአዳራሹ አራት የድምፅ ማጉያዎች ቆሙ፤ አንዱ ለመንግሥታት፣ አንዱ ለንግዱ ዘርፍ፣ አንዱ ለሲቪክ ማኅበራት፣ አንዱ ለምሁራንና ለቴክኒክ ባለሙያዎች፤ ተናጋሪዎችም በየማጉያው ተሰልፈው በየተራ ይጠሩ ነበር። ሚኒስትርም ቢሆን ተራውን ይጠብቃል። ይህ ሥርዓት ያላስደሰታቸው መንግሥታት ነበሩ፤ ሩሲያና ኩባ በመጨረሻው ሰነድ እንደማይስማሙ አስታወቁ። በመክፈቻው ላይ ሩሴፍ የኢንተርኔቱን የመብቶች ሕግ ፈረሙ። ሕጉ ከመረብ ገለልተኝነት የሚወጡ ልዩ ሁኔታዎች በፕሬዚዳንት ድንጋጌ ሲወሰኑ የኢንተርኔት አስተባባሪ ኮሚቴውና የቴሌኮም ተቆጣጣሪው አስቀድመው እንዲሰሙ ያዛል። 25 ዓመት የሞላው የስም መዝገብ ያሳደገው ጉባኤ በአገሩ ሕግ ውስጥ በስሙ ሊጠራ በቃ።

የሥርዓቱ ጉድለት ግን መሸፈን የለበትም። ድምፅ የሚሰጡት በሕግ የተቋቋሙና ለምርጫው የተመዘገቡ ድርጅቶች ስለሆኑ፣ ማኅበር የሌለው ተራ ተጠቃሚ ወንበሩን የሚያገኘው በሌላው አንደበት ነው፤ ደመወዝ አልባነቱም አድሏዊነትን ቢቀንስም፣ ከሳኦ ፓውሎና ከብራዚሊያ ርቆ የሚኖር ድሃ ማኅበር ተወካይ እንዳይልክ ሊያደርገው ይችላል። ከዚህ ሁሉ የሚከብደው የመሠረቱ ጉዳይ ነው። በኦገስት 2017 መንግሥት የኮሚቴውን አወቃቀርና የምርጫ ሥርዓት ለመለወጥ፣ ኮሚቴውን ራሱን ሳያማክር የሕዝብ አስተያየት መሰብሰብ ሲጀምር፣ ማኅበራቱና ምሁራኑ አጥብቀው ተቃወሙ፤ የ21ዱ ወንበሮች ድልድልም ባለበት ቀረ። ተቃውሞው ተሳካ ማለት ግን ሥጋቱ መሠረት አልነበረውም ማለት አይደለም። ኮሚቴው በ2014ቱ ሕግ በስሙ ቢጠራም፣ ወንበሮቹ የተደለደሉት በፓርላማ በጸደቀ ሕግ ሳይሆን በ2003ቱ ድንጋጌ ነው፤ ድንጋጌን ደግሞ አንድ ፕሬዚዳንት የፈረመውን ሌላው በፊርማው ሊሽረው ይችላል። መዝገቡና ገንዘቡ በአንጻሩ ያሉት በፍትሐ ብሔር ሕግ በቆመ ማኅበር እጅ ሲሆን፣ የማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ ደግሞ በዚያው ድንጋጌ ከተደለደሉት ወንበሮች ይመጣል።